አዲስ አበባ በፈረንጅ አፍ

አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ሲያሸንፍ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስሙ በእንግሊዝኛ ኤ-ቢ-ኢ-ቢ-ኢ ተብሎ ተጻፈ። የመጣባት ከተማ ስም ደግሞ ኤ-ቢ-ኤ-ቢ-ኤ ተብሎ ነበር የሚጻፈው፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። አሁን ሁለቱን ቃላት በራሳችን ፊደል ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው፤ አበበ፣ አበባ። እስከ መካከለኛዋ «በ» ድረስ ምንም ልዩነት የላቸውም፤ የሚለያዩት መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ግን መካከለኛዋን «በ» በሯጩ ስም ላይ በአምስተኛዋ የላቲን ፊደል በ«ኢ» ይጽፋታል፤ በከተማዋ ስም ላይ ደግሞ በመጀመሪያዋ በ«ኤ»። አንዷ «በ» እንዴት ሁለት መልክ አወጣች?

ጥያቄው የፊደል ቆጠራ ጨዋታ ይመስላል እንጂ ብዙ ሰው ያከራክራል። ከተማዋ ውስጥ በእንግሊዝኛ የሚታተሙት እንኳ አልተስማሙም። አዲስ ፎርቹንና አዲስ ስታንዳርድ ከተማዋን በ«ኢ» ይጽፏታል። የእንግሊዝኛው ሪፖርተር በ«ኤ» ይጽፋታል፤ ዩኒቨርሲቲውም በ«ኤ» ነው። በአንድ ሳምንት የወጡ ሁለት ጋዜጦችን የገዛ የውጭ አገር ሰው ሁለት ከተማ ያለ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ይህን ጉዳይ ያነሣሁባቸው ሰዎች መልስ ለመስጠት አልዘገዩም። መልሳቸው ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወገን «ትክክለኛው በኢ የሚጻፈው ነው፤ በኤ የሚጽፉት ፈረንጆቹ ሰምተው ያበላሹት ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ተቃራኒውን ይላል፤ «በኢ መጻፍ ጣልያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ጥሎብን የሄደው ነው፤ አርበኞች ያባረሩትን ጣልያን ጋዜጠኞች መልሰው አስገቡት»። ሁለተኛው መልስ ወኔ አለው፤ ለማፍረስ ግን ብዙ አይደክምም። ጀርመንም በ«ኢ» ይጽፋታል፣ ፈረንሳይም በ«ኢ» ይጽፋታል፣ እስፓኝም ፖርቱጋልም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዳቸውም አዲስ አበባን አልያዙም። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የእንግሊዝኛው ሰነድ ከተማዋን በ«ኤ»፣ የፈረንሳይኛው በ«ኢ» ነው የጻፋት። በ2015 እዚሁ የጸደቀው የልማት ፋይናንስ የድርጊት መርሐ ግብርም በእንግሊዝኛው ቅጂ በ«ኤ»፣ በፈረንሳይኛው በ«ኢ» ይጠራል። ስለዚህ ነገሩ ከወረራ ጋር አይገናኝም። ከእነዚህ መካከል ከ«ኤ» ጋር ብቻውን የቀረው እንግሊዝኛ ነው፤ መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው።

የመጀመሪያውን መልስ፣ «ሰምተው ያበላሹት ነው» የሚለውን፣ ለመፈተን ሌሎች የቆዩ ስሞችን መደርደር ያስፈልጋል። በ1868 እንግሊዞች ወደ መቅደላ ዘመቱ። አዛዡ ጄኔራል ናፒየር ከዘመቻው በኋላ የተሰጠው ማዕረግ «ባሮን ናፒየር ኦፍ ማግዳላ» የሚል ነው። መቅደላ ውስጥ ያሉት «መ» እና «ደ» ሁለቱም ግዕዝ ናቸው፤ ሁለቱም በ«ኤ» ተጻፉ። («ቅ»ን «ግ» ማድረጋቸው ሌላ ጉዳይ ነው፤ መግደላዊት ማርያምን የለመደ ጆሮ ሳያሳስታቸው አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ።) ሐረር ውስጥ ያለችው «ረ»ም በ«ኤ» ናት። ከሁሉም የሚጥመው ግን የራስ ተፈሪ መኰንን ስም ነው። «ተ»፣ «ፈ» እና «መ» ሁሉም ግዕዝ ናቸው፤ በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ሁሉም በ«ኤ» ተጻፉ። በ1925 የተከፈተው ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ስሙ በእንግሊዝኛ እንደዚያው ነበር። ተፈሪ በኖቬምበር 1930 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ የቀድሞ ስማቸውን ጃማይካውያን አንሥተው ለእምነታቸው ሰጡት፤ «ራስታፋሪ» «ተ»ም «ፈ»ም በ«ኤ» ተጽፈው በዓለም ሁሉ ታተመ። ጃማይካውያን መጨረሻዋን «ሪ» «ራይ» ብለው ማንበባቸው የራሳቸው ጸጋ ነው። ዛሬ ተፈሪ የሚባል ልጅ ፓስፖርት ቢያወጣ ግን ስሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በ«ኢ» ነው፤ የመኰንን «መ»ም እንደዚሁ።

የመጀመሪያው ነገር እዚህ ላይ ይገለጣል። የከተማዋ «ኤ» የአንድ ሰው የጆሮ ስሕተት አይደለም። ግዕዙን አናባቢ፣ ማለትም በ«ኧ» የምንሰማውን፣ በመጀመሪያዋ ፊደል የመጻፍ አንድ የቆየ ልማድ ነበር። በኋላ ልማዱ ተቀይሮ ያው አናባቢ በ«ኢ» መጻፍ ጀመረ። ተፈሪም፣ መኰንንም፣ አበበም ወደ አዲሱ ተሻገሩ። አዲስ አበባ፣ ሐረርና ራስታፋሪ ግን በካርታ፣ በውልና በሕዝብ አፍ ቀድመው ስለ ታሰሩ እዚያው ቀሩ። አበበ ቢቂላና ከተማው ስማቸው የተለያየው የተለያየ ዘመን ልጆች ስለሆኑ ነው።

ልማዱ ከየት መጣ? ማስረጃ ብዬ የማቀርበው የለኝም፤ የምጠረጥረው ግን አለ። የናፒየር ጦር የተነሣው ከቦምቤይ ነበር። በሕንድ የነበሩ እንግሊዞች ደግሞ የሂንዲን አጭር አናባቢ፣ ከእኛ «ኧ» ጋር ወንድማማች የሆነውን፣ በመጀመሪያዋ ፊደል መጻፍ ለምደው ነበር። እንዲህ የሠለጠነ እጅ «መቅደላ»ን ሲሰማ የትኛዋን ፊደል እንደሚያነሣ መገመት አይከብድም። የሚገርመው ግን በ1885 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ለካርታ ስሞች ያወጣው ሕግ ነው፤ ተነባቢዎች እንደ እንግሊዝኛ፣ አናባቢዎች እንደ ጣልያንኛ ይነበቡ ይላል። አዲስ አበባ በእቴጌ ጣይቱ ስሟን ያገኘችው ከዚያ በኋላ፣ በ1886 ነው። በዚያ ሕግ ከተነበበ ሦስት «ኤ» ያለው ስም «አባባ» ይሆናል። ሕጉ እያለ ልማዱ ለምን አሸነፈ?

መልሱን ያገኘሁት ከማኅደር አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ተወልዳ ያደገች የዘመዴ ልጅ አለች። ከጓደኞቿ ጋር በእንግሊዝኛ ስታወራ ስለ ከተማችን ስታነሣ ሰማኋት፤ በጆሮዬ የገባው «አዲስ አበበ» የሚል ነበር። ትንሽ ቆይታ ወደ አያቷ ዞራ በአማርኛ ቀጠለች፤ በዚህ ጊዜ «አዲስ አባባ መቼ ነው የምንሄደው?» አለች።

አያቷ አላለፏትም። «አባባማ ያው አንድ አባባ ነው፤ አዲሱን ደግሞ ከየት አመጣሽው?»

«እማማ፣ እንደሱ እኮ ነው የተጻፈው!»

ቤቱ ሳቀ። እኔ ዘንድ ግን ከሳቁ በኋላ የቀረው ሌላ ነገር ነው። ልጅቱ ያየችው አንድ አጻጻፍ ነው። በእንግሊዝኛ ስታነብበው መካከለኛዋ «በ» ልክ ሆና ወጣች፤ በአማርኛ ስታነብበው ተሳሳተች። ይህ የሚሆነው እንግሊዝኛ አናባቢን ከፊደሉ ሳይሆን ከጭነቱ ስለሚያገኘው ነው። በአንድ ቃል ውስጥ ጉልበት የሚያርፍበት አንድ ቦታ አለ፤ ሌሎቹ አናባቢዎች ምንም ተብለው ቢጻፉ አብዛኛውን ጊዜ ይደበዝዙና ወደ «ኧ» ይጠጋሉ። ካናዳን ያስቧት። እኛ ሦስቱንም ፊደሎች አሟልተን «ካናዳ» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን መጀመሪያዋን ብቻ ጎላ አድርጎ ሁለቱን ያደበዝዛቸዋል፤ በእኛ ፊደል ቢጻፍ «ካነደ» ሊባል ምንም አይቀረው። የከተማችን ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የአናባቢዎቹ አቀማመጥ ከካናዳ ጋር አንድ ዓይነት ነው። አንባቢውም በዚያው ልማዱ መጀመሪያዋን ያጎላል፣ መካከለኛዋን «በ» ያደርጋል፣ የመጨረሻዋንም «በ» ያደርጋል። መካከለኛዋ ተሳካችለት፤ የመጨረሻዋ አመለጠችው። ውጤቱ «አበበ» ነው። የሯጩ ስም!

ሯጩ ራሱስ? በ«ኢ» የተጻፈው ስሙ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አፍ «አቤቤ» ወይም «አቤቤይ» ይሆናል፤ ጭነቱ መካከለኛዋ ላይ ያርፋልና። በአማርኛ ዓይን «ትክክል» የተጻፈው ስም በእንግሊዝ አፍ ይጎብጣል፤ «ተሳስቷል» የምንለው ደግሞ ከሞላ ጎደል ይቃናል። እዚህ ላይ የእኔ ፍርድ ይኸው ነው፤ ከተማዋን በ«ኤ» የጻፈው የመጀመሪያው እንግሊዛዊ ማን ይሁን ማን ጆሮው ጥሩ ነበር። የሰማውን ለወገኑ አንባቢ በወገኑ የንባብ ልማድ አስተላለፈ። «አባባ» የምትለው ስሕተት የተወለደችው አጻጻፉን እኛ በእኛ ልማድ፣ እያንዳንዱን አናባቢ አሟልተን ስናነብበው ነው።

ይህን ይዤ ሌሎቹን ቋንቋዎች ባያቸው ሁሉም በየራሳቸው አፍ ልክ መስፋታቸው ታየኝ። ጣልያንኛ አናባቢ አያደበዝዝም፤ በ«ኤ» ቢጽፉት የግድ «አባባ» ይሉ ነበር፤ ስለዚህ ለ«ኧ» ከሁሉ የቀረበችውን ፈልገው ሌላዋን ፊደል ወሰዱ። የሚወጣው «አቤባ» ቢሆንም ከ«አባባ» ይሻላል። ፈረንሳዮችም ወደዚያው ናቸው፤ አንዳንዴ «ኢ»ዋ ላይ ሰረዝ ጨምረው «አቤባ» መሆኑን ያረጋግጣሉ። በ1964 ቶኪዮ ላይ አበበ ሁለተኛ ወርቁን ሲወስድ ጃፓኖችም «አቤቤ» አሉት፤ አምስት አናባቢ ላለው ቋንቋ ከዚህ የቀረበ አልነበረውም። ዓረብኛ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። ስሙን ሲጽፍ ከሁለቱም «ብ»ዎች በኋላ አሊፍ ያስቀምጣል፤ አሊፍ ደግሞ ረዥም «ኣ» ነው። ጅዳ፣ ዱባይ ወይም ቤሩት አየር ማረፊያ ተቀምጠው የአገራቸውን በረራ የሚጠብቁ ወገኖቻችን በድምፅ ማጉያው የሚሰሙት በትክክል «አባባ» ነው። ይህን ለማስቀረት ዓረብኛ ምን ማድረግ ይችል እንደነበር አላየሁም፤ አናባቢዎቹ ሦስት ናቸውና።

ኢትዮጵያን የሚያጠኑ ምሁራን ደግሞ ከሁሉ ጋር ለመታረቅ ሞክረዋል። ከ2003 ጀምሮ በጀርመን የታተመው ባለ አምስት ጥራዝ ኢንሳይክሎፔዲያ ኤትዮፒካ ከተማዋን የሚጽፋት መካከለኛዋ «ኤ» ላይ ሁለት ነጥብ አስቀምጦ ነው። መልኳ «ኤ»፣ ድምፅዋ «ኧ»። ለመዝገበ ቃላት ያማረ ነው። የታክሲ ታፔላ ላይ ግን ማንም አይጽፈውም።

እስካሁን ያየነው ክርክር በሙሉ አንዲት አናባቢ ላይ ነው። እኔ ግን ነገሩን እየቆፈርኩ በሄድኩ ቁጥር ትልቁ ኪሳራ ሌላ ቦታ ሆኖ አገኘሁት፤ ማንም በማይጣላበት በመጀመሪያው ቃል ውስጥ። «አዲስ» ሲባል «ዲ» ይጠብቃል። አላልተው ቢያነቡት አማርኛ አይሆንም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ያላላዋል፤ ሁለት «ዲ» ተደርድሮ ቢያይም በእርሱ ቋንቋ ተደራቢ ፊደል ማጥበቂያ አይደለም፤ ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ብቻ ነው የሚነግረው። አሜሪካዊው ደግሞ ይብሳል፤ በሁለት አናባቢ መካከል የገባች «ድ»ን ምላሱን ነካ አድርጎ ስለሚያልፋት በእኛ ጆሮ «ር» ልትመስል ትደርሳለች። «አሪስ ሄጄ መጣሁ» የሚል አሜሪካዊ ያጋጠመው ሰው የምለውን ያውቃል።

ሁለተኛዋ «ዲ» ራሷ ታሪክ አላት። በ1902 ግንቦት ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ የሱዳንን ወሰን ሲዋዋሉ የእንግሊዝኛው ውል የተፈረመባት ከተማ በአንድ «ዲ» ነው የተጻፈችው። በዚያን ጊዜ በነበሩ የእንግሊዝ ካርታዎችና መጻሕፍትም በአንድ «ዲ» መጻፍ የተለመደ ነበር። በኋላ ሁለት «ዲ» አሸነፈ፤ ዛሬ የአየር መንገዶች የቦሌን አየር ማረፊያ የሚያውቁባት ባለ ሦስት ፊደል መለያ እንኳ «ኤ» እና ሁለት «ዲ» ናት። ሻንጣዎ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ከስሙ ያስቀረው ያቺን ጥብቀት ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ የሚደንቀው የራሳችን ፊደል ነው። «አዲስ» ብለን ስንጽፍ «ዲ» አንዲት ናት። ጥብቀቱን ምንም አያሳይም። የሰዋስው መጻሕፍት ከሚጠብቀው ፊደል በላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ በጋዜጣና በደብዳቤ ግን ማንም አይጠቀምበትም። «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነኝ» የሚለው ይሁን አንባቢው ከዐውዱ ያውቃል። ስለዚህ በላቲን ፊደል የተጻፈው ስም የራሳችን ፊደል የማይናገረውን አንድ እውነት ይዟል። የአሜሪካና የእንግሊዝ የጂኦግራፊ ስሞች መሥሪያ ቤቶች በ1967 ለአማርኛ ያጸደቁት የአጻጻፍ ሥርዓት ይህን አጠፋው። ሥርዓቱ ፊደልን በፊደል ስለሚተካ «አዲስ»ን በአንድ «ዲ» ይጽፋል፤ «አበባ»ን በ«ኢ»፤ በላያቸውም ሰረዞች ይደረድራል። በብዙ የዓለም አትላስና የካርታ መረጃ ላይ ያችን ባለ ሰረዝ፣ ባለ አንድ «ዲ» ከተማ አይቶ «ይህቺ ደግሞ የት ናት?» ያለ ሰው ጥፋተኛ አይደለም። ሥርዓቱ ፊደላችንን በታማኝነት ተከትሏል፤ የጎደለው የሰማው ሰው ነው።

በዚህ በኩል የከተማዋ የኦሮምኛ ስም የተሻለ ዕድል ገጥሞታል። «ፊንፊኔ» በፊደላችን ሲጻፍ «ኔ» ብቻዋን ናት፤ በኦሮምኛው የላቲን አጻጻፍ በቁቤ ግን ተደራቢ ተነባቢ ማጥበቂያ፣ ተደራቢ አናባቢ ማስረዘሚያ ስለሆነ ሁለት «ኤን» እና ሁለት «ኢ» ተጽፎ የሚነበበው ሁሉ ወረቀቱ ላይ አለ። የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ግን ከመጨረሻዎቹ ሁለት «ኢ»ዎች አንዷን አዘውትረው ይጥሏታል። ለእነርሱ ጌጥ ትመስላቸው ይሆናል፤ ለኦሮምኛ ግን ርዝመቷ ትርጉም የሚለውጥ ነገር ነው።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን አፍ ስመለስ ክርክሩ ከእጄ ሾለከ። አማርኛ በሁለት አናባቢ መካከል ያለች «ብ»ን ጠብቃ ካልመጣች በስተቀር በደንብ አያትማትም፤ ከንፈር ሳይገጥም ትንፋሽ ያልፋል። «አበባ»ን ቀስ ብላችሁ በሉት፤ ሁለቱም «ብ»ዎች እንደዚያ ናቸው። እንዲህ የላላ ድምፅ በፈጣን ንግግር መዋጡ አይቀርም፤ ተውጧልም። ደብረ ብርሃን ወይም አዋሳ መነኻሪያ ቆሞ የሚጣራውን ረዳት ስሙት፤ የሚለው «አዲሳባ! አዲሳባ!» ነው። መካከለኛዋ «በ» ከነአናባቢዋ የለችም። ጋዜጦቹ በ«ኤ» ወይስ በ«ኢ» ብለው የሚለያዩባትን፣ ምሁራኑ ሁለት ነጥብ የጫኑባትን ድምፅ፣ የከተማዋ ሰው ቸኩሎ ሲናገር ጭራሽ አይጠራትም። ቁጭ ብሎ ሲያወራ ደግሞ ሙሉውን ስም ትቶ «ሸገር» ይላል።

«ዲ» ግን በ«አዲሳባ» ውስጥ እንደ ጠበቀች ናት። ረዳቱ ሲጮኽ ጉልበቱን የሚያሳርፈው እርሷ ላይ ነው፤ ላልታ የሰማት ተሳፋሪ የለም። እኔም በእንግሊዝኛ ስጽፍ ከተማዬን በሦስቱ «ኤ» መጻፌን ቀጥያለሁ፤ አዘጋጅ በ«ኢ» ቢለውጥብኝም አልከራከርም። ሁለተኛዋን «ዲ» ከሰረዘ ግን መልሼ እጽፋታለሁ።